ድርሻዋን የከፈለች ታንኳ

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ከአሰላ ብርድ ወርጄ ኦጎልቾ በአስተማሪነት ከተመደብሁ ገና ወር አልሞላኝም ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ የሚያወራለትን የዝዋይን ሐይቅ ልየው ብዬ ወደ ዳሩ ወረድሁ። ዋና አልችልም፤ ውሃም አልወድም። እኛ የጭላሎ ልጆች ውሃ የምናውቀው ከሰማይ ሲወርድ ነው። ነገር ግን የተማረ ሰው ፈራ እንዳልባል እጄን ኪሴ ከትቼ፣ እያፏጨሁ ሄድሁ።

በደረስሁበት ሰዓት ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ደንገሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ውሃውና ሰማዩ አንድ ሆነው አይለዩም። ዳር ላይ በተደረደሩት ታንኳዎች ሁሉ ወፎች ሰፍረው ይንጫጫሉ። ከሌሎቹ ራቅ ብላ፣ ግማሽ ጎኗ ውሃ ውስጥ የገባ አንዲት ጥቁር ቀጭን ታንኳ ግን ነበረች፤ በእሷ ላይ አንድም ወፍ አላረፈም። ውስጧ አምስት ዓመት ያህል የሚሆናት ልጅ ለብቻዋ ተቀምጣ፣ ወደ ውሃው አጎንብሳ ታወራለች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው፣ የኔ ልጅ?» አልኋት።

ቀና እንኳ አላለችም። «ከዚህች ጋር» አለች። «ነይ ትለኛለች።»

አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ በጀርባዬ የወረደውን ብርድ ብነግርህ ትስቅብኛለህ፤ ፉጨቴ ግን ከአፌ ላይ ደርቆ ቀረ። ልጅቷን ለማንሳት ወደ ውሃው መግባት ሊኖርብኝ ነው፤ እያመነታሁ ሳለ አንዲት ወጣት ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችና «ሀሊሜ!» ብላ ከታንኳዋ ላይ ነጥቃ አወጣቻት።

ወጣቷ ጠይባ ትባላለች። አሰላ የነርስነት ትምህርት የምትማር፣ ለእረፍት የመጣች ልጅ ናት። ተከትሏት የመጣው ወንድሟ ሽኩር፣ እኔም ስኳርና ላምባ የምገዛበት ባለ ሱቅ፣ የሁለት ዓመት ወንድ ልጁን አቅፏል። ከእሱ ጋር አንድ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ኦቦ ቱሳ ይባላሉ። በዚያ ዳርቻ የእሳቸውን ቃል የሚያጥፍ ሰው የለም።

«እንኳን መጡ መምህር» አለኝ ሽኩር። «እርስዎም ይፍረዱን። ባለቤቴ አስያ ማዶ ዝዋይ ከተማ እናቷን ታስታምማለች። ልጆቹ እናታቸውን ካዩ ከረሙ፣ ይህ ትንሹማ ሊረሳት ነው። በየሳምንቱ የሰው ታንኳ ከመለመን የራሴን ልይዝ ቆርጫለሁ። ኦቦ ቱሳ ይህችን ታንኳቸውን እንካ ብለውኛል። እህቴ ግን አናጢው ተክለወልድ የሠራውን አዲሱን ጀልባ ካልሆነ ልጆቹን አላሻግርም ትላለች።»

አዲሱን ጀልባ አየሁት። ከደንገሉ አጠገብ የቆመ፣ ሰፊ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር መልክ የለውም፤ የከብት ገንዳ ይመስላል። የሽማግሌው ታንኳ ከአንድ የሾላ ግንድ የተፈለፈለች፣ የምታምር ነበረች።

ኦቦ ቱሳ በትራቸውን አሸዋው ላይ ተክለው ተናገሩ። «ልጄ ሽኩር፣ ሐይቅ ከየታንኳው ድርሻውን ይወስዳል። አባቴ ያለኝ ይህንን ነው። ዛሬ ባይወስድ ነገ ይወስዳል። ይህች ግን ድርሻዋን ከፍላለች፤ የከፈለ ደግሞ ሁለተኛ አይጠየቅም። ያ አዲሱ ምን ከፈለ? ምንም! ዕዳው በልጆችህ ራስ ላይ ነው።»

«ምን ከፈለች?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ባልጠየቅሁ በወደድሁ።

ሽኩር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ፋጡን ነው መምህር። የእሳቸውን ሴት ልጅ። ሐይቁ ሲወስዳት ቅድም ሀሊሜ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ነበረች ይባላል። ሕፃን ያለው ሰው ታንኳዋን ሲዋስ፣ ትንሹን ልጅ እዚያ ያስቀምጣል። የተጠበቀ ቦታ ነው ይላሉ።»

ያን መቀመጫ አየሁት። ከሌላው እንጨት ይልቅ እሱ ለስልሷል።

ጠይባ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለሽማግሌው አንገቷን ዝቅ አደረገች። «አባባ ቱሳ፣ ካላስቀየምሁዎ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቂ፣ ኢንታላ ኮ። ልጄ አይደለሽም?»

«ከዚያ ወዲህ ከዚህች ታንኳ ሰው ወድቆ ያውቃል?»

«አንድም ሰው! አየሽ? ምስክሩ ይኸው ነው።»

«ሰዎቹ እንዴት ነው የሚቀመጡባት?»

«እንዴት ይቀመጣሉ? በአክብሮት ነዋ። አይነቃነቁም፣ አይነጋገሩም። ስም እንኳ አይጠራም።»

«ስለዚህ የሚያድናቸው ፍርሃታቸው ነው፣ አባባ። ትልቅ ሰው ፈርቶ ድርቅ ብሎ ይቀመጣል። ሕፃን ግን ምን ይፈራል? አሁን ሀሊሜን አላዩዋትም?»

«ልጆቹን እናስጠነቅቃቸዋለን» አለ ሽኩር። «ደግሞም ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«ሰይጣኑን ካወቅኸው ልጅህን ለምን ታሳቅፈዋለህ?» አለችው እህቱ።

እዚህ ላይ እኔም ስለ ክብደትና ሚዛን የተማርሁትን ልናገር አስቤ ነበር። ግን ሽማግሌው ፊታቸው ጠቁሮ ስለ ነበር ዝም ማለት መረጥሁ። በሰው ሐዘን ላይ እንደ ጥቁር ሰሌዳ መጻፍ ደግ አይደለም።

ጠይባ ግን አላበቃችም። «ክርክር ይብቃን፤ ሳንጣላ በዓይናችን እንየው» አለች። ሽኩር ለገበያ ካመጣው በቆሎ በሀሊሜ ክብደት ልክ ከረጢት አስሞላች። አፉን በምን ትሰረው? የሀሊሜን ቀይ ሻሽ ፈትታ አሰረችበት። ከዚያ ከረጢቱን በፋጡ መቀመጫ ላይ አኖረችው። ሽኩር ትንሹን ልጁን ለእኔ አስታቅፎ፣ ከኋላ መቅዘፊያ ይዞ ተቀመጠ። ታንኳዋን ውሃው ወገብ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ገፋቻት፤ እሷም አብራ ውሃው ውስጥ ገባች።

«አሁን ይህ ሀሊሜ ነው» አለች። «ጥላዋን ውሃ ውስጥ አይታ፣ ልታወራት ጎንበስ ትላለች።» ከረጢቱን በቀስታ ወደ ጠርዙ ሳብ አደረገችው።

ታንኳዋ ምንም ድምፅ አላሰማችም። እንቅልፍ እንደ ያዘው ሰው ጎኗን ብቻ ቀየረች። ሽኩር ወድቆ ተነሣ፤ ውሃው ወገቡ ላይ ነው። ከረጢቱ ግን የለም። ሐይቁ ወዲያው ገጠመ፤ መልሶ ጸጥ አለ። ከዚያ ከሥር ቀዩ ሻሽ ቀስ እያለ ሲወዛወዝ አየነው።

«ፋጡ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ኦቦ ቱሳ በትራቸውን ጥለው፣ ከነጋቢያቸው ውሃው ውስጥ ገብተው ነበር። ከረጢቱን ከሥር አውጥተው ደረታቸው ላይ አቀፉት። ውሃው ከከረጢቱም ከጢማቸውም ይንጠባጠባል። እኔም አለቀስሁ።

ቆይተው ወደ ጠይባ ዞሩ። «ጥላዋን ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አባባ።»

«ያን ቀንም ነፋስ አልነበረም። ‹አባ፣ አንዲት ልጅ ነይ ትለኛለች› አለችኝ። ሐይቁ ድርሻውን እየጠራ ነው ብዬ ዝም አልሁ። መለስ ስል የለችም።» ከረጢቱን አጥብቀው አቀፉት። «ድርሻ ካልነበረ፣ ታንኳዋ ከሆነች የጣለቻት፣ ልጄ በከንቱ ሞተች በይኛ! እኔ እኮ ስንቱን ልጅ አዳነች እያልሁ ነው የኖርሁት!»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በየትኛው ትምህርት ቤት ይመለሳል? ጠይባ እጃቸውን ያዘች። እሷም እንባዋን መግታት አልቻለችም።

«በከንቱ የሞተች የምትሆነው ሀሊሜ ከተከተለቻት ነው፣ አባባ» አለች።

ሽማግሌው ሀሊሜን አዩዋት። ልጅቷ ዳር ቆማ ሻሿን እንዲመልሱላት ትጠብቃለች። ከረጢቱን ተሸክመው ከውሃው ወጡና ማንንም ሳያማክሩ ወደ አዲሱ ጀልባ ሄዱ። «ግፉት» አሉ። ገፋነው። ከረጢቱን በመሐል አኖሩት፤ ወደ ጠርዙ ሳቡት፤ ጀልባው ትንሽ ዘንበል ብሎ ተመለሰ። አልበቃቸውም። ራሳቸው ገብተው በአንድ ጎኑ ላይ ቆመው ወዘወዙት።

«እምቢ አለ!» አሉ፤ ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ አልለየሁም። «ሽኩር፣ ይህ አስቀያሚ ልጆችህን አይጥልም። ኤዬ፣ አዎ፣ ይህንን ያዝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ ቱሳ ከጠይባ የባሱ አስተማሪ ሆኑ። አንድ አባት የመጀመሪያ ጀልባውን ሊይዝ ዳር ከመጣ ቀድመው ይይዙታል። «መልኳን አትይ፣ ከማን እንደ ወረስሃትም አትንገረኝ። ሆዷ ሰፊ ነው? ልጅህ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ጠርዟ ደረቱ ይደርሳል? ልጅህን ሳታስገባ ከረጢት አስገባና ጥልቀት በሌለው ውሃ ሞክራት» ይሉታል። ልጅን በሳንቃ መቀመጫ ላይ ሳይሆን በመሐል ወለሉ ላይ ማስቀመጥ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሣ በጠዋት መሻገር፣ ከብብት ሥር የደረቀ ጥንድ ቅል ማሰር፤ ይህን ሁሉ ከጠይባ ተምረው እንደ አባት ምክር ይናገሩት ጀመር። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ቅል ግን ልጅህን ከላይ ይይዝልሃል» ማለትም ያዘወትራሉ። ጥቁሯን ታንኳ በገዛ መጥረቢያቸው ሰነጠቋት። እንጨቱን ግን ማንም ለማገዶ አልወሰደውም። የተኛችበት ቦታ አሸዋው ላይ እንደ ተጎደጎደ ቀረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ወደ እናታቸው ስናሻግር፣ የተማረ ሰው ፈራ እንዳልባል እኔም ገባሁ። ለእኔም ቅል ታሰረልኝ፤ ሀሊሜ እስክትጠግብ ሳቀችብኝ። ለልጆቹ ያሰሩት ኦቦ ቱሳ ራሳቸው ናቸው። ሲጨርሱ አንድ ጥንድ ትንንሽ ቅል ተረፈ።

«ይህ የማን ነው፣ አባባ?» አለች ጠይባ።

ቅሉን ይዘው ከእኛ ጋር ጀልባው ውስጥ ገቡ። ሐይቁ መሐል ስንደርስ ሽኩርን መቅዘፉን አቁም አሉት። ቅሉን በሁለት እጃቸው አንስተው ውሃው ላይ አስቀመጡት። «ያን ጊዜ አላሰርሁልሽም» አሉ። ከዚያም በውሃ ላይ የማይጠራውን ስም ጮክ ብለው ጠሩት። «ፋጡ!»

ቅሉ ጥቂት ቆመ። ነፋስ አልነበረም። ከዚያ ወደ መጣንበት ዳር፣ ወደ ኋላችን፣ ቀስ ብሎ ሄደ።

ማዶ አድረን በማግሥቱ ጠዋት ስንመለስ፣ ሀሊሜ ከጀልባው ወለል ላይ ሆና «ያቺ ልጅ ዛሬም ነይ አላለችኝም» አለች። ጠይባ «ጠርዙ ከፍ ስላለ ጥላዋ አይታያትም፤ ያ ነው ጥቅሙ» ብላ አስረዳችኝ። አመንኋት።

ከጀልባው ስንወርድ ግን ኦቦ ቱሳ ቀድመውን ወርደው አሸዋው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ጥንዱ ቅል ጥቁሯ ታንኳ በነበረችበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዙሪያው ያለው አሸዋ ደረቅ ነው። ጠይባ ሞገድ ያመጣው ይሆናል አለች። ሽማግሌው አልተከራከሯትም። ቅሉን አነሡት፣ በጋቢያቸው ጠቀለሉት፣ ብርድ እንዳይገባው ደረታቸው ላይ ሸጎጡት።

«ዛሬ ቤቷ ገባች» አሉ።

ከዚያ ሽቅብ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። የደከመው ልጅ እንደ ተሸከመ አባት፣ በዝግታ በኦሮምኛ እያወሩ ሄዱ። እሳቸው ዝም ባሉ ቁጥር የሚመልስላቸውን ድምፅ ለመስማት ግን እኔ አልቆምሁም።