ዳገቱን የመረጠው ባለቤቴ

ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ታደሰ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ሲል፣ የብስራተ ገብርኤል ቡድን አምበል የነበረው ታላቅ ወንድሜ ግርማ «መጀመሪያ ሜዳ ላይ አሸንፈኝ!» አለው። ታደሰ ደግሞ የጎፋ ልጆች አምበል ነበር። የጎፋ ሜዳ ተዳፋት ስለሆነ አንዱ ጎል ከላይ፣ ሌላው ከታች ነው። የሳንቲም ዕጣ ያሸነፈ የሚያጠቃውን ጎል ይመርጣል፣ ኳሱን ሌላው ይጀምራል። መቼም ሁሉም የሚመርጠው ቁልቁለቱን ነው። ታደሰ ሳንቲሙን አሸነፈና ዳገቱን መረጠ! ደጋፊው «ሰክሯል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እኔማ ሆን ብሎ ሊሸነፍ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

በእረፍት ሰዓት አንድ ለዜሮ እየተመሩ ውሃ ይዤለት ሄድኩ። «ምነው ታዴ፣ ካልፈለግኸኝ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ዳገቱን ጉልበት ሳለን ጨረስነው። አሁን ደክሞት የሚወጣው ወንድምሽ ነው» አለኝ። እውነትም ግርማና ጓደኞቹ ሲያለከልኩ ሦስት ገባባቸው።

ታደሰን የቀበርን ዕለት ግርማ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያለቅስ ቆየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እኔ እኮ ከእሱ ሌላ እስከ ዛሬ ዳገት የመረጠ ሰው አላየሁም» አለኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ እያየኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ።