ጥጥ እና እመቤት

በኛ ጊዜ ጥንቸል ማለት ቁጥቋጦ ውስጥ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ አውሬ ነው። ስጋውን አንበላ፣ ቤት አናስገባው፣ ጸባዩ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀም ሰው አላውቅም። ዛሬ አንቺ መጥተሽ፣ «ጋሼ፣ ለልጄ ያንን ጆሮው የተንጠለጠለውን ጥንቸል ልገዛለት ነው፣ እናንተ ቤት ስለነበሩ ጸባያቸውን ይንገሩኝ» ትይኛለሽ። እነግርሻለሁ ሂሩትዬ። ግን ተደላድለሽ ተቀመጪ፣ ቶሎ የሚያልቅ አይደለም። ደስ የሚልም አይደለም።

መቼም ታውቂያለሽ፣ እኔ እዚህ ካምፓላ የመጣሁት ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው። ልጄ ዳንኤል «አባባ፣ ብቻዎን አይሆኑም» ብሎ ማኪንድዬ ቤቱ አመጣኝ። ታዲያ ጠዋት እሱ ናካሴሮ ቢሮው ይሄዳል፣ ሚስቱ ሩት ሥራዋ ትሄዳለች፣ የልጅ ልጄ ቤቴል ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ እና እኔና ናካቶ እንቀራለን። ናካቶ የቤት ሠራተኛችን ነበረች፣ አይተሻታል። የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ትልቅ ሰው። ሐበሻ ቤት ብዙ ዘመን ስለሠራች አማርኛ ትሞክራለች፣ ግን ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች፣ «አደረግሁ» ማለትም አይሆንላት፣ «እኔ አደረገ» ነው የምትለው። «አባባ፣ አንቺ ሻይ ጠጣሽ?» ትለኛለች። «ጠጣሁ ናካቶ» እላታለሁ። «ጎበዝ ነሽ!» (ሳቅ) እንዲህ ነበር የምንውለው።

ታዲያ ቤቴል ስምንት ዓመት ሲሞላት ጥንቸል ካልገዛችሁልኝ አለች። ሻጩ ምን እንዳለ ልንገርሽ፣ እጁን እንዲህ እንዲህ እያደረገ፣ «ጆሮው የቆመ ጥንቸል ነገረኛ ነው፤ ጆሮው የተንጠለጠለው ግን እርግት ያለ ነው፣ እንደ ሕፃን ትታቀፉታላችሁ» አለ። እና ሁለት ገዛን፣ አንድ ነጭ ወንድ፣ አንድ ግራጫ ሴት። ነጩን ቤቴል ጥጥ አለችው። ግራጫዋን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ እመቤት አልኳት፣ ምክንያቱም ገና ከካርቶኑ ስትወጣ ሳሎኑን ዞራ ዞራ፣ አገጯን ወንበሩ ላይ፣ ጠረጴዛው እግር ላይ፣ የኔ ጫማ ላይ ሳይቀር እያሻሸች የኔ ነው፣ የኔ ነው፣ ይሄም የኔ ነው ያለች ይመስል ነበር።

አየሽ፣ ጆሮዋ እንደ ጥጥ ጆሮ ነው የሚንጠለጠለው፣ ጸባይዋ ግን ሌላ! ሊያቅፏት ሲሉ ትታገላለች። ቤቷ ውስጥ እጅ ሲገባ ታጉረመርማለች፣ ጥንቸል የሚያጉረመርም መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ያልወደደችው ነገር ሲመጣ በኋላ እግሯ መሬቱን ደብ! ደብ! ታደርገዋለች። እኔን ሁለቴ ነክሳኛለች። ደስ ሲላት ደግሞ ሣሩ ላይ አየር ላይ ዘላ ወገቧን ጠምዝዛ ትወርዳለች፣ ቤቴል በሳቅ ትሞታለች። ጥጥ ግን ሲያቅፉት ዝም፣ ሲዳብሱት ዝም፣ የእንግዳ ልጆች ሲቀባበሉት ዝም። «ይሄማ መልአክ ነው» ይላል የመጣው ሁሉ። እኔም ብያለሁ።

ታዲያ ከሰዓት በኋላ ናካቶ ጓሮ ልብስ ስታጥብ እኔ ጥጥን ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ምን ልበልሽ፣ በዚያ ቤት ቀኑን ሙሉ አጠገቤ የሚቀመጥ እሱ ብቻ ነበር። እና ሩት ገና ከመጀመሪያው፣ «አባባ፣ አደራ፣ ከድርቆሽና ከቅጠል በቀር ምንም እንዳይሰጧቸው፣ ሆዳቸው አይችልም» ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። ግን ናካቶ ለምሳዋ ፖሾ፣ ያንን የበቆሎ ዱቄት ገንፎ፣ ታገነፋለች፣ ከድስቱ የተረፈውን ቆንጠር አድርጌ ስሰጠው እንዴት አድርጎ ይበላ መሰለሽ! አፉ ቶሎ ቶሎ፣ ዓይኑ ጭፍን። መጀመሪያ ቁንጣሪ ነው፣ በኋላ እፍኝ ሆነ፣ በኋላ በየቀኑ ሆነ። እመቤት ከታች ሆና ደብ! ደብ! ታደርጋለች። «ቀናተኛ» እላታለሁ። ልሰጣት ስል ነው የነከሰችኝ።

አንድ ቅዳሜ እንግዶች መጡ። ጥጥ ቤቴል ጭን ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ይላሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። እና እኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ቂርር ቂርር። ደስ ብሎት ነው አልኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት! ቤቴል ግን፣ «አያዬ፣ ጠዋትም ምንም አልበላም እኮ» አለችኝ። «ጠግቦ ነው» አልኳት።

ማታውን ሲብስበት ዳንኤል ስልክ ደውሎ አንዲት የእንስሳት ሐኪም አስመጣ። ወጣት ዑጋንዳዊት ናት፣ ሆዱን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ፊቷ ጠቆረ። «ሆዱ ሥራ አቁሟል» አለች። «ጥርሱን የሚያፋጨው ከሕመሙ ብዛት ነው። ጥንቸል አይጮህም። አውሬ እንዳይበላው ሕመሙን ይደብቃል፣ የፈራም እንደሆነ ድርቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። እናንተ ጨዋ የምትሉት ይሄንን ነው።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «ዱቄት ነገር ማን ነው የሚሰጠው? ፖሾ? ዳቦ?» አለች።

ሂሩትዬ፣ ከዚያች ሰዓት እስካሁን አልወጣሁም። ሩት ዞር ብላ ናካቶን አየቻት። በቤቱ ፖሾ የሚበላ እሷ ብቻ ናታ። «ናካቶ፣ አንቺ ነሽ?» አለቻት። ናካቶ፣ «እኔ አልሰጠም፣ ማዳም። እኔ አልሰጠም» አለች፣ እና አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ለምን ዝም አሉ በይኛ! ያን ሰሞን ሁለት ጊዜ የጋዙን ምድጃ ሳላጠፋ ረስቼ፣ ዳንኤልና ሩት ክፍላቸው ውስጥ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። «አዲስ አበባ እህታቸው ጋ ቢሆኑ ይሻላል፣ ቤቱን ያቃጥሉታል» ስትል ሰምቻለሁ። እህቴ ራሷ አልጋ ላይ ናት። እና አሁን ደግሞ ይሄ ሲጨመር አልኩ በልቤ፣ አለቀ፣ ይልኩኛል። ፈራሁ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ፈራሁ።

ጥጥ ሲነጋ ሞተ። ሐኪሟ «ሬሳውን ቶሎ አትውሰዱባት፣ መሞቱን ትወቅ» ብላ ነበር፣ እና እመቤት አጠገብ አስቀመጥነው። ያቺ ተዋጊ፣ ያቺ ማንንም የማታስጠጋ፣ ጎኑ ተኝታ ጆሮውን ትልሰዋለች። በአፍንጫዋ ትገፋዋለች፣ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትልሰዋለች። ቤቴል እያየች ነው።

ናካቶ በዚያው ሰኞ ተባረረች። ሩት፣ «ስህተቱን ይቅር ባልኩ፣ ዓይኔን እያየሽ መዋሸትሽን ግን አልችልም» አለቻት። ናካቶ ልብሷን በፌስታል ይዛ በኔ በኩል ስታልፍ፣ «አባባ፣ ደህና ሁኚ» አለችኝ። ያን ቀን አልሳቅሁም።

ታዲያ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። እመቤት መሬቱን መምታት ተወች፣ ጥግ ይዛ ኩርምት አለች። ሣር ላይ ሲያወጧት አትዘልም። ሲያቅፏት ዝም። ሩት «ተመስገን፣ ረጋች» ስትል እኔ ሄጄ ድርቆሿ መጉደሉን አያለሁ፣ አሁን ዝምታው ምን እንደሆነ አውቀዋለኋ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቤቴል ሹካዋን አስቀምጣ፣ «ናካቶን እጠላታለሁ። ብትሞት ደስ ይለኛል» አለች። ስምንት ዓመቷ ነው! ከሕፃንነቷ ያዘለቻትን ሴትዮ!

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ፖሾውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ዳንኤል ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ሩት፣ «አባባ… ይሄን ሁሉ ቀን?» አለች። ቤቴል ግን ወንበሯን ከኔ አራቀች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ቦዳ ላይ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሞተር ላይ፣ የነጂውን ጃኬት ጨምድጄ ይዤ! ሰፈሯ ንሳምብያ ቁልቁል ስንወርድ ናካቶን መንገድ ዳር አገኘኋት፣ ጭስ ውስጥ ቁጭ ብላ ሙዝ ትጠብሳለች። ስታየኝ ብድግ አለች፣ «አባባ! አንቺ በቦዳ መጣሽ?» እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። «እኔ ነበርኩ ናካቶ» አልኳት። «ያውቃል» አለችኝ። «እኔ አይቷል። በመስኮት፣ በየቀኑ አይቷል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

ሙዙን እያገላበጠች፣ «አንቺ ሽማግሌ ነሽ፣ ወዴት ትሄጃለሽ?» አለችኝ። «እኔ ሌላ ቤት ሥራ ያገኛል አለ።»

«እና አገኘሽ?»

ራሷን ነቀነቀች። ሐበሻ ቤት ሁሉ ዞራለች። ሩት ለጓደኞቿ ነግራ ነበር፣ ሠራተኛዬ የልጄን ጥንቸል ፖሾ ሰጥታ ገደለች ብላ። ፖሾው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ መርዝ ሆኖ ደረሰ። ማንም አልቀጠራትም። በኋላ ሩት ራሷ ሄዳ ለምናታለች፣ ተመለሽ ብላ። «እኔ አይመለስም» አለች፣ ያለ ቁጣ፣ እንዲሁ። እመቤት አሁን ትበላለች፣ ግን አንድም ቀን ዘላ አላየኋትም። ቤቴል ሰላም ትለኛለች፣ ጭኔ ላይ ግን አትቀመጥም።

እና ጸባያቸውን ጠየቅሽኝ አይደል? ያቺ የምትነክሰው፣ የምታጉረመርመው፣ መሬት የምትደበድበው፣ እሷ ቤቱን አምናለች፣ የሚያማትን ትናገራለች። ዝም ብሎ የሚታቀፍልሽን ነው የምትፈሪለት። ጆሮውን አትመልከቺ። መብላቱን ነው የምትመለከቺው፣ በየቀኑ። ይሄንን ልጅሽ ሳይሆን አንቺ የምትችይ ከሆነ ግዢ። ካልቻልሽ ተይው።

ምነው ዝም አልሽ ሂሩትዬ?

«ጋሼ… ናካቶ እኔም ቤት ሥራ ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ከውስጥ ሆኜ በጥበቃው የለችም አስባልኳት። እሷ ግን በመስኮት አይታኛለች።»