የእታገኝ ማባያ

(ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ወጥ ቤት፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አብሳይዋ እታገኝ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ሥራ አስኪያጁ አቶ ታፈረ በሩ ላይ ቆመዋል።)

እታገኝ፦ ያሳልፉኝ ጋሽ ታፈረ፤ የዲላው መኪና ያመልጠኛል።

ታፈረ፦ የትም አትሄጂም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሃምሳ ሰርገኛ ይመጣል።

እታገኝ፦ ፈቃድ የጠየቅኩት እኮ ከወር በፊት ነው። እሺ ብለውኛል።

ታፈረ፦ እሺ ስልሽ ሙሽራዋ ያንቺን የአትክልት ጥብስ እንደምታዝ መቼ አወቅኩ?

እታገኝ፦ ስኳር ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ቀይ ሥሩን በጣት ልክ ቆርጬ ጨርሻለሁ። ዘይት ውስጥ መጨመር ማንን ያቅተዋል?

ታፈረ፦ ጥብሱማ የትም አለ! ሰዉ የሚመጣው ያንን ነጭ ማባያ እያጠቀሰ ሊበላ ነው። እሱን ደግሞ ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ በር ዘግተሽ ነው የምትሠሪው።

እታገኝ፦ ፈርቼ ነዋ! ከእኔ በፊት የነበረችውን ሴትዮ ሙያዋን ካስተማረች በኋላ አይደል ያሰናበቷት?

ታፈረ፦ እንግዲህ በሩን የዘጋሽው አንቺው ነሽ። ነገ ትሄጃለሽ።

እታገኝ፦ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንድሜ ከዲላ እስር ቤት ይፈታል። አሥራ አንድ ዓመት፣ ጋሽ ታፈረ! እናታችን ሳታየው ሞተች። ከእኔ ሌላ በር ላይ የሚጠብቀው ሰው የለም።

ታፈረ፦ አልሰማሁም ነበር... ቢሆንም ሃምሳ ሰው ነው። ከወጣሽ ሥራሽን እርሺው።

እታገኝ፦ እርጎው ከጠዋት ጀምሮ በስስ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ውሃው ወርዶለታል።

ታፈረ፦ ምን አልሽ?

እታገኝ፦ ነጭ ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ፍም ላይ ያድርጉት። ሲለሰልስ ልጠው ከእርጎው ጋር ይምቱት። ቆንጠር አድርገው ጦስኝ፣ ጨው፣ ትንሽ ሎሚ። አለቀ።

ታፈረ፦ በቃ? ስድስት ዓመት የደበቅሽው ይህንን ነው?

እታገኝ፦ ይህንኑ ነው።

ታፈረ፦ እታገኝ... አሁን ይህን ካወቅኩ ስትመለሺ ምን ትሠሪልኛለሽ? አስበሽበታል?

እታገኝ፦ አስቤበታለሁ። አሁን እጅዎን ይታጠቡና እርስዎ ይግቡ፤ እኔ ልውጣ።