ገደብ ማለት አበቃ ማለት አይደል?

ከሰቆጣ የወጣው ሚኒባስ ቁልቁለቱን ሲይዝ ፍርሃት ይዞኝ ነበር። ከኋላዬ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎልማሳ ሲጠይቁ ሰማሁ።

«ልጄ፣ የተማርክ ትመስላለህ። ገደብ ማለት አበቃ ማለት አይደል?»

«የት ሰምተውት ነው፣ እናቴ?»

«ችሎት ላይ። ልጄ በመስኖ ውሃ ተጣልቶ ጎረቤታችንን ፈንክቶ ነበር። ትናንት ዳኛው ‹በገደብ ተለቀሃል› ሲሉት እልል አልኩ።»

«አላበቃም እኮ! ገደብና ግድብ ምንጫቸው አንድ ነው። ውሃ ሲገደብ ይደርቃል እንዴ?»

«ኧረ አይደርቅም፤ ተኝቶ ይጠብቃል እንጂ።»

«የተፈረደበት እስራትም እንደዚያው ነው። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ሌላ ጥፋት ካጠፋ ግድቡ ፈረሰ ማለት ነው። ያኔ የድሮውም ይመጣበታል፣ የአዲሱም ይጨመርበታል።»

«ወይኔ ልጄን! እኔ እኮ ‹ጣጣህ አልቋል፣ ማንንም አትፍራ› ብዬ ነው የሸኘሁት።»

«ወዴት?»

«በጠዋቱ መኪና ወደ ማሳችን። ዛሬ የውሃ ተራችን ነው። ያ ሰውዬ ደግሞ ማሳው ከኛ በላይ ነው፤ ቦዩን ሳይዘጋበት አይቀርም።»

«ይደውሉለታ!»

«እዚያ ኔትወርክ የት አለና?»

«ባዶ እጁን ነው የሄደው?»

«ችሎት ሲገባ ያስያዘኝን ዱላ መልሼ ያቀበልኩት እኔው ነኝ… ሹፌር፣ ፍጠንልኝ አባቴ!»

«ቀስ በል» ልለው ስቁነጠነጥ የነበርኩት ሰው፣ ነዳጅ እንደሚሰጥ ሹፌር የመኪናውን ወለል በእግሬ ጫን አልኩት።