የጋሽ ኤቨርት ኮምፒውተርና በሩ በግራ የነበረው አውቶቡስ

ኑ፣ ተጠጉ፤ ወንበር ያገኛችሁ ተቀመጡ፣ ያላገኛችሁም ደፉ ላይ ዐረፍ በሉ። የማወራችሁ ነገር ረጅም አይደለም፤ ግን ቸኩሎ ለሚሰማ ሰው አይሆንም።

በሰሜን ስዊድን፣ እኛ በኖርንበት ወንዝ ዳር፣ ጋሽ ኤቨርት ሳንድሉንድ የሚባሉ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው አጭር፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሰው ናቸው። የተወለዱባት ሊድሴሌ የምትባለው መንደር ዛሬ በካርታ ላይ የለችም። ወንዙ ለኤሌክትሪክ ሲገደብ ቤቱም እርሻውም ውሃ ውስጥ ቀረ። ከመንደሯ የተረፈው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ጋሽ ኤቨርት ሃያ ዓመት ሙሉ በየአገሩ የተበተነውን ሰው ደጅ እያንኳኩ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ፎቶግራፍ ሰበሰቡ፤ በስካነር ወደ ኮምፒውተራቸው አስገቡ፤ ከእያንዳንዱ ፊት ሥር ስም ጻፉ። ወረቀቱን ለየባለቤቱ መለሱ። ስሞቹ ግን ከዚያች አንድ ማሽን በቀር የትም አልተጻፉም።

በመጋቢት ወር፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቱቫ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ቱቫ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ሉሌኦ ከተማ የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሳ በቤተ መጻሕፍቱ ተቀጥራለች። ሽማግሌው በእግር እየገፉ በበረዶ ላይ በሚነዱት ተንሸራታች ወንበራቸው ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አስቀምጠዋል።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ኤቨርት! የማንን ሕፃን ይዘው ነው?»

«ሕፃን አይደለም፤ ከእኔ ኮምፒውተር ጋር መንታ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አገኘሁት። የእኔው ማቃሰት ጀምሯል፤ ከዚህ እየነቀልኩ አድነዋለሁ።»

«ጓዳዎ ውስጥ ሌሎች ሁለት መንታዎች አልነበሩም እንዴ?»

«አሉ።»

«እንግዲያውስ አራት ሆኑ። የወለደቻቸው ምስኪን!»

«አንቺ ሳቂ» አሉ ጋሽ ኤቨርት፤ ግን የከንፈራቸው ጥግ ትንሽ ተነሣ። «እናንተ የተማራችሁ ሰዎች አንድ ቃል ነው የምታውቁት፤ ‹አዲስ ይግዙ›። ትናንት ሰፊ የነበረውን መሰኪያ ዛሬ አጠበቡት፤ ነገ ደግሞ ይደፍኑታል። የእኔ ስካነር የሚሰካበት ቀዳዳ ዛሬ የትኛውም ላይ የለም። ሱቅ ሄጄ ብጠይቅ ሻጩ እኔን ራሴን እንደ ሙዚየም ዕቃ አየኝ። የሰው ኪስ ለማራገፍ ካልሆነ ቀዳዳ ለምን ይቀያየራል?»

«አንዳንዱ ለኪስ ነው፤ አልዋሽዎትም» አለች ቱቫ፣ ወንበሩን አብራ እየገፋች። «አንዳንዱ ግን ለሥራ ነው። በድሮው መሰኪያ ፎቶ ማሳለፍ መንጋ በጠባብ በር እንደ ማስወጣት ነው። ደግሞ ቀድሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ቀዳዳ ይሠራ ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ በአንድ ልክ ተስማምተዋል። ደግሞስ የእርስዎን ማሽን ከሌባ የሚጠብቅልዎት ፕሮግራም ከተቋረጠ ስንት ዓመቱ!»

«ከኢንተርኔት ነቅዬዋለሁ። ሌባ በየት ይገባል?»

«ሌባ ባይገባ እርጅና ይገባል፣ ጋሼ። እርጅና ኢንተርኔት አይፈልግም።»

ሽማግሌው ይህን ቃል በራሳቸው ጉልበት ያውቁታል።

«ለምን ትንሿን ቀጭኗን አይገዙም?» ብላ ቀጠለች ልጅቱ። «ጠረጴዛ አትይዝም፤ ድምፅ የላትም።»

«እሷማ የታሸገ ቆርቆሮ ናት። ሁሉ ነገር ተበይዶባታል። ስትታመም ሆዷን ከፍቼ የማላየውን ዕቃ ቤቴ አላስገባም።»

ቱቫ ጥቂት አሰበች። «እዚህ ላይ ረቱኝ» አለች። ከሥራ ባልደረቦቿ እንዲህ ብሎ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን እውነት ከየትም ቢመጣ መቀበል የሚያዋርድ አይመስላትም ነበር።

ቤት ገብተው ጋሽ ኤቨርት ስስ የገብስ ቂጣ በቅቤ አቀረቡላትና ማሽኑን አበሩት። እያቃሰተ ተነሣ። መጀመሪያ የመጣው ፎቶ የራሳቸው ነበር፤ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ኮፍያውን አጋድሎ ከአውቶቡስ ጎን ቆሟል። ሁለተኛውን ሊያሳዩአት ሲሉ ከማሽኑ ሆድ ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ መስታወቱም ጠቆረ። ደጋግመው ቢጫኑትም አልመለሰም።

የሽማግሌው ፊት እንደ አመድ ሆነ። «ግድ የለም» አሉ። «ግድ የለም፤ መንታው አለ።»

ካቻቪቴያቸውን አንሥተው የአዲሱን መጤ ክዳን ፈቱ። ከዚያም እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቀፎው አንድ ነው፤ ሆዱ ሌላ ነው። ያው ፋብሪካ ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ቀፎ የሠራው ነበርና ኬብሉም መሰኪያውም ተለውጧል። ጓዳ የነበሩትንም አወጡ። አንደኛውን ዝገት በልቶታል፤ ሁለተኛውም እንደዚሁ ሆዱ ሌላ ነበር። ሃያ ዓመት መድኃኒት ነው ብለው ያስቀመጡት ባዶ ቀፎ ሆኖ ተገኘ።

ጋሽ ኤቨርት ካቻቪቴያቸውን አስቀመጡ።

«ጋሼ» አለች ቱቫ፣ ልባቸውን ልታሳርፍ ፈልጋ፣ «ቅድም ያየሁት አውቶቡስ... በሩ ለምን በግራ ሆነ?»

«በግራ እንነዳ ስለነበር ነዋ» አሉ፣ ዐይናቸውን ከባዶው ቀፎ ሳይነቅሉ። «አባቴ ‹መንገድ እንዳይቀየር› ብሎ ድምፅ ሰጥቷል። ብቻውን አይደለም፤ አገሩ ሁሉ እምቢ ብሎ ነበር። ግን ጎረቤት አገሮቻችን ሁሉ በቀኝ ነበር የሚነዱት። እናም በአገራችን አቆጣጠር በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት፣ አንድ እሑድ፣ ለንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው የመንገድ ተሽከርካሪ ሁሉ ቆመ። ቀስ ብለን ወደ ቀኝ ተሻገርን። ቆመን ጠበቅን። አሥራ አንድ ሲሆን ተነሣን።»

«ያ አውቶቡስስ?»

«እሱማ ግሩም አውቶቡስ ነበር። ሞተሩ እንከን አልነበረውም። ግን በሩ በግራ ነው፤ በቀኝ ስትነጂ ተሳፋሪው መሐል መንገድ ላይ ሊወርድ ነው። አለቃችን ምናልባት መንገዱ ይመለስ ይሆናል ብሎ እንዲህ ያሉ ሁለት አውቶቡሶችን ጓሮ አቆማቸው። በርች የሚባለው ዛፍ በቀለባቸው። ጥፋቱ የአውቶቡሱ አልነበረም። መንገዱ ነው የዞ...»

ቃሉን አልጨረሱትም። ልጅቱም አልጨረሰችላቸውም፤ አስተዋይ ነበረች። ጋሽ ኤቨርት በወለሉ ላይ የተደረደሩትን ቀፎዎች አንድ በአንድ አዩ።

«ጓሮ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ» አሉ በቀስታ። «አሁን ተሳፋሪዎቹስ? ውስጡ ያሉት ሰዎች?»

«ፎቶዎቹ ያሉበት አሮጌው ዲስክ ገና ሊዞር ይችላል። አሮጌውን ከአዲሱ የሚያገናኝ ኬብል አለኝ። ግን ጋሼ፣ በሽተኛ ሳለ ነበር ማናዘዝ፤ አሁን የሚለውን ያህል ብቻ ነው የምንሰማው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱቫ ከሥራ በኋላ እየመጣች ዲስኩን እንደ ድውይ አስታመመችው። በአራተኛው ሳምንት ፎቶዎቹ ሁሉ ወጡ። ስሞቹም ወጡ፤ የሠላሳ አንዱ ፎቶ ስም ግን አልወጣም። እነዚያ ሠላሳ አንዱን ጋሽ ኤቨርት ከአንዲት አሮጊት አፍ የጻፏቸው ነበሩ፤ አሮጊቷም ባለፈው መኸር ዐርፈዋል።

አዲሱን ኮምፒውተር ሊገዙ ሱቅ ሲሄዱ ጋሽ ኤቨርት ስለ ውበቱ አልጠየቁም። «ክዳኑ በካቻቪቴ ይከፈታል? ሚሞሪው ይነቀላል ወይስ ተበይዷል? ቀዳዳዎቹ የሌላ ፋብሪካ ዕቃ ይቀበላሉ? ነገ ባይበቃኝ የምጨምርበት ባዶ ቦታ አለው?» ሻጩ ቱቫን ቢያይ እሷ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። ስሞቹንም ማንኛውም ማሽን በሚያነበው ተራ ጽሑፍ ጻፏቸው፤ አንዱን ግልባጭ ቤታቸው፣ አንዱን ቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱን ሌላ ከተማ አስቀመጡ።

በሐምሌ የሊድሴሌ ልጆች እንደ ልማዳቸው በግድቡ ዳር ባለ አዳራሽ ተሰበሰቡ። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ፎቶዎቹ እያለፉ፣ በፊት ሩብ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ፍለጋ በቅጽበት ሆነ፤ አንዱ የአያቱን ስም ሲጠራ አያቱ ይመጣሉ። አንዲት ሴት ወደ ስልኳ ገልብጣ ለልጇ ላከች። ሁሉም ተደሰተ። በመጨረሻ ግን ባልዲ የያዘች፣ በፀሐይ ዐይኗን የጨፈነች አንዲት ልጅ ግድግዳው ላይ ቆመች። ከሥሯ ስም የለም። ጋሽ ኤቨርት ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ይህችን የሚያውቅ አለ?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እኔ አውቃት ነበር» አሉ። «ጽፌያታለሁ ብዬ ረሳኋት። ወገኖቼ፣ ያላችሁ ዕቃ ጥሩ ስለሆነ ብቻ መንገዱ አይዞርም አትበሉ። ዕቃው ገና እየሠራ ሳለ ሰዎቻችሁን አውርዱ።»

እናንተም ቤታችሁ ስትገቡ ያቺን ባለ ባልዲ ልጅ አደራ አስታውሷት። ስም ባይኖራትም፣ እናንተ ጋ ትረፍ።