ከላይ የሚጣል፣ ከታች የሚጠጣ

ቆዳ አልፊው ሽማግሌ ከተራራው ወገብ ወደ ሸለቆው የወረዱት ልጃቸው ወልዳ ነው። ከሠርጓ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ቁልቁለቱን ሰበብ አድርገው አልጠየቋትም። የልጅ ልጅ ግን ሌላ ነው፤ ጉልበት ቢለግምም አንጀት አልቻለም።

ወንዙ መታጠፊያ ላይ ሊያርፉ ሲቀመጡ፣ ለመንደሩ ዘንድሮ የመጣችው አስተማሪ ውሃ በጠርሙስ ቀድታ ወደ ፀሐይ አንስታ ስትመረምር አገኟት።

«ምነው ልጄ፣ ውሃው ምን ሆነ?»

«የቆዳ ፀጉርና ኖራ አለበት፣ አባባ። ላይ ያሉ አንድ ሰው ቆዳ የሚነክሩት እወንዙ ውስጥ ነው አሉ።»

ሽማግሌው ቆዳ በሚያለፉበት ልጥ የጠቆሩ እጆቻቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ወሸቁ።

«ወራጅ ውሃ እኮ ሰባት ድንጋይ ከዘለለ ይጠራል። አባቶቻችን እንዲህ ነው ያሉን።»

«ይቅርታዎን አባባ፣ ድንጋይ ውሃን ያዘልለዋል እንጂ አያጥበውም። እስቲ ይመልከቱት፤ ግራ ቀኙ ገደል ነው፣ በበጋ ገባሩ ሁሉ ይደርቃል። ከላይ የተጣለው መውረጃው እኛው ዘንድ ነው። መቶ ሃያ ቤት የሚጠጣው ይሄንኑ ነው።»

«ታዲያ ሰውየው እንጀራቸውን ትተው የት ይግቡ?»

«ማን ይተዉ አለ? ከወንዙ ራቅ ብለው ጉድጓድ ቆፍረው በሲሚንቶ ይለስኑት። ኖራው ይዘቅጣል፤ ፀጉሩም ጭቃ ውስጥ ተቦክቶ ግድግዳ ያጠነክራል።»

«ውሃውን ሽቅብ ማን ይሸከማል? አፍ ሲናገር ቀላል ነው!»

«አሁንም የሚሸከም አለ እኮ። እዚያ ቤት ያለችው አራስ የልጇን ውሃ የምታስቀዳው ከሩቅ ምንጭ ነው። ከላይ መምጣቷን ሰምቼ ሰውየውን ታውቂያቸዋለሽ ወይ ብላት፣ አላውቃቸውም አለችኝ። አባትሽስ ብላት፣ ሞተዋል አለችኝ።»

አዬ ጉድ! ሰው ዓይኑ የማያየውን ጎረቤት የሌለ ይመስለዋል፤ እሳቸው የገዛ ልጃቸውን ነው የረሱት። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

«ልጄ» አሉ፣ «ሟቹ እኔ ነኝ።»

አስተማሪዋ ክው አለች። ሽማግሌው ግን ቀና ሳይሉ፣ «ጉድጓዱ ስንት ክንድ ይሁን?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ ብለው፣ ልጃቸውን ሳያዩ ዳገቱን ተያያዙት።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ በተለሰነ በሁለተኛው ወር ወንዙ እስከ ጠጠሩ ጠራ። የሕፃናቱ ተቅማጥ ቀነሰ፣ ሴቶቹም ከምንጭ መንገድ ዐረፉ። የሽማግሌው ቆዳም ቢሆን በጎርፍ መወሰዱ ቀረ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ወረዱ። ልጃቸው ደጃፉ ላይ አቅፋቸው አለቀሰችና ወደ ጎረቤቷ ዞራ፣ «አባቴ ናቸው» አለች በቀስታ።

«እናውቃለን እንጂ!» አለች ጎረቤቷ። «ሠርግሽ ላይ ያልነበረ ማን አለ? ውሃችን ሲበከል ዝም ያልነው ላንቺ አፍረንልሽ ነው።»

ሽማግሌው ሕፃኑን ተቀብለው ታቀፉት፤ ቀና ማለት ግን አቃታቸው።