ለበር የሚሆን ፎቶ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ምሽት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ወይዘሮ ቴመኑጋ፣ እርስዎ ሥራ አስኪያጃችን፣ “ትንሽ ነገር ነው፣ አይጨነቁ” ብለውኝ ነበር፤ አይብ ያለበት ቂጣ፣ ባኒጻው ብቻ ግን ሠርግ ያበላል። ሹፌራችን ዝላትኮ፣ የራኪያ አረቄውን ከአባትህ ጓዳ ሳያይህ እንዳወጣኸው አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ለአባትህ አልናገርም።

ስገባ በሩ ላይ የለጠፋችሁትን የግብዣ ወረቀት አየሁት። “ኦግኒያን ሊሰናበተን ነው” ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ። ጠጋ ብዬ ባየው ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባ ነው።

“ማነው ይሄ?” አልኩት ዝላትኮን።

“አንተ ነህ እንጂ!”

“ፊቴስ?”

“አጣንልህ! ኮምፒውተሩን ሙሉ ፈተሽነው። ወይ ጀርባህ ነው፣ ወይ ተራራ የሚጠቁም እጅህ ነው።”

ሳቅሁ። እናንተም ሳቁ፣ ግድ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶ አንሺዎችን ከኋላዬ አስከትዬ ስሄድ ኖሬ ሌላ ምን ሊገኝ ነው? ነገር ግን ያ ወረቀት ሌላ በር አስታወሰኝ። ስለዚያ በር ሳልናገር ወደ ቤቴ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በመጀመሪያ ግን ቃሌን ልጠብቅ። ካሊና፣ ቅዳሜ ቡድኑን ይዘሽ ወደ ሮዶፒ ተራሮች የምትወጪው አንቺ ነሽ። “ጋሼ፣ እንግዶቹን ምን ብዬ ልምከራቸው?” ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር።

የሚመጡልሽ ሰዎች ጥርስ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ ጡረተኞች ናቸው። ፎቶ ለእነሱ እንጀራ አይደለም፤ ፍቅር ነው። ስለዚህ ያላቸውን ዕቃ በሙሉ ተሸክመው ይመጣሉ። አንድ የቫርና ጥርስ ሐኪም ነበረን፤ አቶ ስፓስ ይባላል፣ አሁንም ደንበኛችን ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ የሌንሶቹን ቦርሳ እንደ ሲሚንቶ ተሸክሞ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ቁጭ አለና “እናንተ ሂዱ፣ እኔን ተዉኝ” አለን። ያን ቀን ሲመለስ በካሜራው ውስጥ የተገኘው የራሱ ጫማ ፎቶ ብቻ ነው። አንድ ሌንስ ይበቃል በያቸው። ቢበዛ ሁለት።

ብርድ ባትሪ ይበላል። ትርፉን ባትሪ ከሹራባቸው ሥር፣ ሰውነታቸው አጠገብ ይያዙት። ነፋስ ላይ ቆመው ሌንስ አይቀይሩ። ከውጭ ብርድ ምድጃ ወዳለበት ቤት ሲገቡ ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት ቋጥረው ይግቡ፤ እስኪሞቅ አይፍቱት፤ አለዚያ መስታወቱ ላብ ያልበዋል። አዲስ ጫማ ገዝተው በዚያው ቀን ዳገት እንዳይወጡበት ለምኚያቸው፤ አይሰሙሽም፣ ፕላስተር ያዢ። ካርዳቸው ሲሞላ ደግሞ እዚያው ቆመው ፎቶ እንዳያጠፉ። ሌላ ካርድ ይያዙ። እኔ እስካየሁት ድረስ ሰው ቸኩሎ የሚያጠፋው በኋላ የሚፈልገውን ነው።

ይህ ሁሉ በብሮሹራችን ላይ ተጽፏል። ያልተጻፈ አንድ ነገር አለ።

እማማ ስታናን ታስታውሷታላችሁ? ለማታውቋት ልንገራችሁ። በሲቮዶል መንደር ጫፍ፣ ከድንጋይ በተሠራው ቤት፣ ከታናሽ እህቷ ከያና ጋር ትኖር ነበር። በእነዚህ ተራሮች እንደ እሷ ፎቶ የተነሳ ሰው ያለ አይመስለኝም። መኪናችን ሲቆም ሻሿን አጥብቃ በር ላይ ትቀመጣለች። የውጭ እንግዶች እየፈሩ ፈቃድ ይጠይቋታል። እሷ እሺ ለማለት ጭንቅላቷን እንደኛ አገር ልማድ ወዲህና ወዲያ ትወዘውዛለች። እነሱ እምቢ ያለች መስሏቸው ካሜራቸውን ይከታሉ።

“እሺ እያልኳቸው ወዴት ነው የሚሄዱት?” ትለኝ ነበር ተቆጥታ። “ደነቆሩ እንዴ?”

ሲያነሷት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበራት። “ኦግኒያን፣ ጠይቅልኝ እስቲ። ይሄኛው ለበር ይሆናል?”

እዚህ ያላችሁት የአገሬ ልጆች ገብቷችኋል። ዛሬ ከውጭ ለመጡት እንግዶቻችን ግን፣ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙና ፎቶው ያለበት ወረቀት በቤቱ በርና በአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ይለጠፋል። በአርባው ይታደሳል፤ በሙት ዓመቱም እንደዚሁ። ስታና ስለ ሞት ስታወራ ስለ ጎመን የምታወራ ነበር የሚመስለው። ወረቀቱ ግን ያስጨንቃት ነበር። ጎረቤቷ ፔትኮ በስተርጅና ሲሞት ሌላ ስላልተገኘ የተለጠፈው የወታደርነት ዘመን ፎቶው ነው።

“አላፊ አግዳሚው ሁሉ አንድ ወጣት ሞተ ብሎ አለቀሰ!” ትል ነበር። “እኔን እንዲህ እንዳታደርጉኝ አደራ።”

“እማማ፣ እኔ ላንሳሽ” ብዬ ስልኬን አወጣለሁ።

“ሂድ ወዲያ! ስልክ ለወሬ ነው። እነዚህ ሁሉ መድፍ የሚያካክል ካሜራ ተሸክመው ቆመው?” ብላ ፊቷን በሻሿ ትሸፍናለች።

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ትቀመጥላቸዋለች። እነሱ ደግሞ ይለምኗታል፤ እኛም እናስተረጉማለን። “እንደሱ አይሁን፣ ሥራሽን ሥሪ። እንዳላየሽን ሁኚ።” እሷም ታዝናለች፣ ግን ትታዘዛለች። እንግዳ አይደሉ?

ባለፈው የካቲት አረፈች። በማግስቱ ጠዋት ያና ቢሮ ደወለች።

“ኦግኒያን፣ ልጄ፣ የእህቴን ፎቶ ላክልኝ። ለበር። እናንተ ዘንድ ብዙ አለ አይደል?”

“ሞልቷል፣ እማማ” አልኳት። እንዴት ተማምኜ እንደተናገርኩ!

ወይዘሮ ቴመኑጋ፣ ያን ቀን አብረን ነበርን። ለእንግዶቹ ሁሉ ጻፍንላቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ወዲያው ላኩልን። ፎቶው እንደ ጎርፍ መጣ። እጇ በከዘራዋ ላይ። የአንድ ዓይኗ ጥግና በዙሪያው ያለው ሽብሽብ። እንጨት ተሸክማ ጀርባዋ። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ብርሃኑ ከኋላዋ፣ እሷ ጥላ ብቻ። በውድድር ያሸነፈ ፎቶም አለ፤ የሻሿ አበባ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ፊቷ ጭጋግ ነው። ሁሉም ያምራሉ። ሁለት ዓይኖቿ ወደኛ እያዩ፣ ፊቷ ሙሉ የሆነበት ግን አጣን። እስከ ማታ ፈለግን፤ አንድም የለም።

አቶ ስፓስ ከቫርና ደወለልኝ። “ኦግኒያን፣ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ የመታወቂያ ፎቶ እየመሰለኝ ካሜራዬን ዝቅ አደርግ ነበር” አለኝ።

እኔና ዝላትኮ ባዶ እጃችንን ወደ ሲቮዶል ወጣን። ያና ወረቀቱን ያለ ፎቶ ለጥፋዋለች። ከላይ ነጭ ባዶ ቦታ፣ ከሥሩ ስም። የአውቶቡሱ ሹፌር አንብቦ “የቷ ስታና ናት?” ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት። በየሳምንቱ ሰላም የምትለውን ሴት!

ያና አጠገቤ መጥታ ቆመች። “ዓለም ሁሉ እየመጣ የሚያነሳት ሴት” አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ካሊና ልጄ፣ ቅዳሜ ስትደርሺ ያናን እዚያው በር ላይ ተቀምጣ ታገኚያታለሽ። ሻሿን አጥባ ትጠብቃለች። እንግዶችሽ ስለ ብርሃኑ ከመከራከራቸው በፊት አንድ ፎቶ ይነሳላት፤ ቀጥ ብላ፣ ወደ ካሜራው እያየች፣ እሷ እንደምትፈልገው። ትንሿን ፎቶ ማተሚያ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቻት፤ ከአንድ ሌንስ አትከብድም። እዚያው አትመሽ በእጇ ስጪያት። “እንልክልሻለን” እንዳትያት። ይህን የእንግዶች ቃል በእኔ አፍ ሰምታ ጠግባለች። ከዚያ በኋላ ሽብሽቡንም ጥላውንም እንደ ልባቸው ያንሱ።

ወይዘሮ ቴመኑጋ፣ ሲቮዶልን ከጉዞው ለማውጣት እያሰቡ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሰው አልቆበታል ተብሏል። እውነት ነው፣ አልቋል። እኔ ግን ያና እስካለች ድረስ መኪናው እዚያ በር ላይ እንዲቆም እለምንዎታለሁ። ሌላ የስንብት ስጦታ አልፈልግም።

ስለ ራሴ ምን ልበል? የሳንባዬን ነገር ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ በዚህ ቢሮ ምስጢር አያድርም። ሐኪሙ “ዳገት ይቅርብህ” አለኝና የቀረውን ለባለቤቴ ነገራት። ኔቬና ያቻትና፣ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሰሞኑን መሳቢያውን ሁሉ ስትከፍትና ስትዘጋ አገኘኋት።

“ምን ጠፍቶሽ ነው?”

“ምንም።”

ቆይታ ነገረችኝ። “ከሠርጋችን ወዲህ ቤት ውስጥ ያንተ ፎቶ የለም።”

“የሠርጋችንን ታደርጊዋለሽ” አልኳት።

“አንድ ወጣት ሞተ ብለው እንዲያለቅሱ?” አለችኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። እፈራለሁ፣ ወዳጆቼ። ለምን እዋሻችኋለሁ? መሞቱን እፈራለሁ፤ ከዚያ ይልቅ ደግሞ እሷ ያን ነጭ ባዶ ቦታ ስትለጥፍ ይታየኛል።

እንግዲህ መንገዳችሁ የቀና ይሁን። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የያዛችሁት ባትሪ አይክዳችሁ፤ የወጣችሁበት ዳገት በሰላም ያውርዳችሁ። ካሊና፣ እንግዶችሽ ጨዋዎች፣ ጭጋጉም ታጋሽ ይሁንልሽ። የእያንዳንዳችሁ ቤት የሚያይና የሚታይ ሰው አይጣ። እማማ ያናን እግዚአብሔር እስከ ቅዳሜ፣ ከቅዳሜም ወዲያ ያቆይልን። በድካሜ ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ።

አሁን ዝላትኮ፣ ካሜራህን አምጣ። ያን ረጅሙን ሌንስ ተወው፣ ከሩቅ እንደ አውሬ አታድነኝ። እዚህ ፊት ለፊቴ ቁም። መብራቱን አብሩልን። እጄን አይደለም፣ ብርጭቆውንም አይደለም። አትሳቁ እንጂ፣ ታስቁኛላችሁ! ኔቬና፣ ነይ ኮሌታዬን አስተካክዪልኝ።

ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። አነሳህ? ለእኔ አታሳየኝ፤ ለእሷ አሳያት።

ኔቬና፣ ደህና አድርገሽ እዪው። ለበር ይሆናል?